አሥራ ዘጠኝ ዓመታት በጉምሩክ ያገለገለው ደራሲ

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 5 ቀን 1866 አንድ የ47 ዓመት ጎልማሳ በኒውዮርክ ወደብ የጉምሩክ ተቆጣጣሪ ሆኖ ተሾመ። የተሰጠው የደረት መለያ ቁጥር 75 ሲሆን፣ ደመወዙም በቀን 4 ዶላር ነበር። ሥራው ከውጭ ከሚገቡ መርከቦች የሚራገፈውን ጭነት ከዝርዝሩ ጋር ማመሳከር፣ ቀረጥ ያልተከፈለበት ዕቃ ከመትከያው እንዳይወጣ መጠበቅና ያየውን በጽሑፍ ለበላዮቹ ማሳወቅ ነው። ይህ ጢማም ተቆጣጣሪ ዛሬ ዓለም ከታላላቅ ልብ ወለዶች ተርታ የሚያሰልፈውን «ሞቢ ዲክ»ን የጻፈው አሜሪካዊው ደራሲ ሄርማን ሜልቪል ነበር። መጽሐፉ ከታተመ 15 ዓመት ሆኖት የነበረ ቢሆንም፣ በዚያን ጊዜ የሚያስታውሰው ሰው ጥቂት ነበር።

የሜልቪል ሕይወት በሚነሳበት ጊዜ ብዙውን ጊዜ ጎልቶ የሚወጣው የባሕር ጀብዱው ነው። ይሁን እንጂ ወጣቱን ወደ ባሕር የገፋው ከሁሉ በላይ የቤተሰቡ ኪሳራ ነበር። በኋለኛው ዕድሜውም ከጽሕፈት ጠረጴዛው አስነስቶ ወደ ወደቡ መትከያ የወሰደው ያው ዕዳ ነው። በመሆኑም ድርሰቶቹን ከኑሮው ለይቶ መመልከት ያስቸግራል።

ሜልቪል እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 1819 በኒውዮርክ ከተማ ተወለደ። ለቤተሰቡ ከስምንት ልጆች ሦስተኛው ነበር። የአባቱ አባት የአሜሪካ ነፃነት ትግል መቀስቀሻ ከሆኑት ድርጊቶች አንዱ በነበረውና እ.ኤ.አ. በ1773 በቦስተን ወደብ የእንግሊዝ ሻይ ወደ ባሕር በተጣለበት ክንውን ተካፋይ ናቸው። የእናቱ አባት ጄኔራል ፒተር ጋንስቮርት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1777 የስታንዊክስ ምሽግን ከእንግሊዝ ጦር የተከላከሉ አዛዥ ነበሩ። በሁለቱም ወገን ስም ያለው ቤተሰብ በመሆኑ ልጆቹ በአሽከርና በሞግዚት አደጉ። አባትየው ከፈረንሳይ ጨርቃ ጨርቅና የጌጥ ዕቃ እያስመጡ የሚነግዱ ሲሆን፣ ከገቢያቸው በላይ በብድር የሚኖሩ ሰው ነበሩ።

እ.ኤ.አ. በ1830 ንግዱ ወደቀ። ቤተሰቡም ኒውዮርክን ለቆ የእናትየው ዘመዶች ወዳሉበት ወደ አልበኒ ሄደ። በቀጣዩ ዓመት መጨረሻ አባትየው ለጉዳይ ወደ ኒውዮርክ ወርደው ሲመለሱ የሀድሰን ወንዝ በበረዶ በመዘጋቱ መርከቡ መሄድ አልቻለም። በብርቱ ብርድ በክፍት ሠረገላ ተጉዘው፣ የቀረውን መንገድ የረጋውን ወንዝ በእግራቸው ተሻግረው ቤታቸው ደረሱ። ወዲያው ታመው አእምሯቸውን ሳቱ፤ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 28 ቀን 1832 አረፉ። ሄርማን ያን ጊዜ 12 ዓመቱ ነበር። ለቤተሰቡ የተረፈው ዕዳ ብቻ ነው።

ታዳጊው ከትምህርት ቤት ወጥቶ በአንድ የአልበኒ ባንክ በዓመት 150 ዶላር ተላላኪና ጸሐፊ ሆነ። ታላቅ ወንድሙ ጋንስቮርት የአባቱን ሥራ በመተካት በጠጉር ቆብ ንግድ ሲሠማራ እርሱም አብሮ ሠራ። ይህም ንግድ እ.ኤ.አ. በ1837 አሜሪካን በመታው የገንዘብ ቀውስ ከሰረ። ሜልቪል በአጎቱ እርሻ ላይ ሠርቷል፤ በገጠር አስተምሯል፤ የመሬት ቅየሳ ተምሮም በኢሪ ቦይ ፕሮጀክት ሥራ ለመቀጠር አመልክቶ ሳይሳካለት ቀርቷል። ልመናና የዘመድ ችሮታ የቤቱ መተዳደሪያ በሆነበት በዚህ ሁኔታ እ.ኤ.አ. በ1839 ወደ ሊቨርፑል በሚሄድ የንግድ መርከብ ላይ በጀማሪ መርከበኛነት ተሳፈረ።

በዚያን ዘመን ሊቨርፑል የእንግሊዝ ታላቅ የንግድ ወደብ ከመሆኗም በላይ የከፋ ድህነት የሚታይባት ከተማ ነበረች። ሜልቪል ከአሥር ዓመት በኋላ በጻፈው «ሬድበርን» በተሰኘው ልብ ወለዱ ውስጥ ወጣቱ መርከበኛ በአንድ ጎዳና ሲያልፍ ከምድር ቤት የሚወጣ የሲቃ ድምፅ ይሰማል። ወደ ታች ሲመለከት ከነልጆቿ በረሀብ ልትሞት የደረሰች እናት ያያል። ለአንድ ፖሊስ ሲነግር ጎዳናው የእኔ ምድብ አይደለም የሚል ምላሽ ያገኛል። ሌሎችም እንዲሁ ጉዳዩን አንዱ ወደ ሌላው ይገፋሉ። ወጣቱ ዳቦና ውኃ ቢያደርስላቸውም ሊያድናቸው አልቻለም። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሲመለስ በቦታው ያገኘው የተነሰነሰ ኖራ ብቻ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ አንባቢ ይህን ምዕራፍ ያለ ሐሳብ የሚያልፈው አይመስልም።

ከጉዞው ከተመለሰ በኋላም ኑሮው አልተሻሻለም። ደግሞ ቢያስተምርም የቀጠረው ትምህርት ቤት ደመወዙን ሳይከፍለው ተዘጋ። ሥራ ፍለጋ እስከ ኢሊኖይ ተጉዞ ባዶ እጁን ተመለሰ። በመጨረሻም እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 3 ቀን 1841 በ21 ዓመቱ ከማሳቹሴትስ ግዛት «አኩሽኔት» በተባለች የዓሣ ነባሪ አዳኝ መርከብ ወደ ፓሲፊክ ውቅያኖስ ተነሳ። በዚያን ጊዜ የከተሞች መብራትና የፋብሪካ ማሽኖች ቅባት በአመዛኙ የሚገኘው ከዓሣ ነባሪ ስብ ነበር። አዳኞቹ ግዙፉን እንስሳ በትናንሽ ጀልባ ተጠግተው በሜንጦ ጦር ይወጉታል፤ ከገደሉትም በኋላ ስቡን እየገፈፉ በመርከቡ ላይ በትልልቅ ድስት ያቀልጡታል። ለመርከበኛ ደመወዝ አይከፈልም፤ ጉዞው ሲያበቃ ከትርፉ ድርሻ ይሰጠዋል። የሜልቪል ድርሻ ከ175 አንድ እጅ ነበር።

ከአንድ ዓመት ተኩል ጉዞ በኋላ እ.ኤ.አ. በጁላይ 1842 ከአንድ ጓደኛው ጋር በማርኬሳስ ደሴቶች ከመርከቡ ኮበለለ። ሁለቱ ሰው በላ ናቸው እየተባለ በሚነገርላቸው የታይፒ ሸለቆ ሕዝቦች መካከል ገቡ። ሜልቪል ለአንድ ወር ገደማ አብሯቸው ቆየ። ከዚያም በሌላ መርከብ አምልጦ ሳለ መርከበኞች ሥራ አንሠራም ባሉበት አድማ ተካፋይ ሆኖ በታሂቲ ታሰረ። በሦስተኛ መርከብ ሃዋይ ደርሶም በተለያየ ሥራ ሲኖር ከቆየ በኋላ እ.ኤ.አ. በኦገስት 1843 በአሜሪካ የጦር መርከብ ላይ ተቀጠረ። በዚያም ባልደረቦቹ በጥቃቅን ጥፋት በሙሉ የመርከቡ ሠራተኛ ፊት በጅራፍ ሲገረፉ በተደጋጋሚ ተመለከተ። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1844 ቦስተን ሲደርስ ከአገልግሎት ተሰናበተ።

የባሕር ወጉን የሰሙ ቤተሰቦቹ እንዲጽፈው አበረታቱት። «ታይፒ» የተባለው የመጀመሪያ መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1846 በለንደንና በኒውዮርክ ታትሞ ስሙን አስጠራ። መጽሐፉን ለለንደን አሳታሚ ያደረሰው በዚያ በአሜሪካ ሌጋሲዮን ጸሐፊ የነበረው ወንድሙ ጋንስቮርት ነው። እርሱም በዚያው ዓመት በሥራው ላይ ሳለ ሞተ። አንዳንድ ተቺዎች ታሪኩ ፈጠራ ነው ብለው ጥርጣሬ ባነሱበት ጊዜ፣ ሞቷል ተብሎ ይታሰብ የነበረው የሜልቪል የሽሽት ጓደኛ በበፋሎ ከተማ ብቅ ብሎ ነገሩ እውነት መሆኑን በጋዜጣ መሰከረ። እንዲህ ያለ ምስክር በትክክለኛው ሰዓት የሚያገኝ ደራሲ ብዙ አይደለም።

በቀጣዩ ዓመት ሜልቪል የማሳቹሴትስ ጠቅላይ ዳኛ የነበሩትን የሌሙኤል ሾውን ልጅ ኤሊዛቤትን አገባ። ከዚህ በኋላ የሚጽፈው ለራሱ ብቻ አልነበረም። ሚስት፣ ልጆች፣ እናትና እኅቶች በብዕሩ ላይ ተንጠለጠሉ። ጥልቅ ሐሳብ ሊያወጣበት የሞከረው «ማርዲ» ገበያ ባጣ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1849 በጋ በጥቂት ወራት ውስጥ «ሬድበርን» እና «ነጭ ጃኬት» የተባሉ ሁለት መጻሕፍትን ለገንዘብ ሲል ጻፈ። እርሱ ራሱ እንጨት ከመፍለጥ የማይለይ የቀን ሥራ አድርጎ ቆጠራቸው። ይሁንና ፍርዱ ትክክል አልነበረም። በተለይም «ነጭ ጃኬት» በባሕር ኃይሉ ውስጥ የነበረውን ግርፋት በዝርዝር ያጋለጠ መጽሐፍ ነው። የአሜሪካ ኮንግረስ ቅጣቱን እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1850 ሲከለክል ውጤቱን ለመጽሐፉ ብቻ የሚሰጡ ጸሐፊዎች አሉ። ነገር ግን ክርክሩ ከመጽሐፉ በፊት የተጀመረ በመሆኑ አባባሉ የተጋነነ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1850 ሜልቪል ከአማቱ ባገኘው ብድር በፒትስፊልድ አጠገብ «አሮውሄድ» የተባለ እርሻ ገዝቶ ገባ። በዚያው ዓመት በኦገስት ደራሲ ናትናኤል ሆቶርንን ተዋወቀ። ሆቶርን ራሱ በሳሌም ወደብ የጉምሩክ ሹም ሆኖ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1849 በፓርቲ ለውጥ ምክንያት ከሥራ የተባረረ ሰው ነው። የሁለቱ ወዳጅነት ሜልቪል በእጁ ይዞት የነበረውን የዓሣ ነባሪ አደን ታሪክ ከተራ የባሕር ወግ አውጥቶ ወደ ከፍተኛ ሥራ እንዲያሳድገው እንደረዳው ይታመናል። ገንዘብ ግን አልነበረም። አሳታሚዎቹ የቀደመ ሒሳባቸው 700 ዶላር ገደማ ያልተወራረደ በመሆኑ ቅድመ ክፍያ ከለከሉት። እርሱም ለሚስቱና ለአማቱ ሳያሳውቅ ከአንድ ትውውቅ 2,050 ዶላር በዘጠኝ በመቶ ወለድ ተበደረ። ከብት እየመገበ፣ እንጨት እየፈለጠ፣ የቀረውን ሰዓት በሩን ዘግቶ ይጽፍ ነበር።

«ሞቢ ዲክ» እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1851 በለንደን፣ በኖቬምበር ደግሞ በኒውዮርክ ታተመ። ታሪኩ አንድ እግሩን በነጭ ዓሣ ነባሪ የተቆረጠው አክዓብ የተባለ መርከብ አዛዥ የባለቤቶቹን ንግድና የሠራተኞቹን ሕይወት ለግል በቀሉ ሲያውል የሚያሳይ ነው። መርከቡና ሠራተኞቹ በሙሉ ጠፍተው የሚተርፈው ተራኪው እስማኤል ብቻ ነው። የስሞቹ አመራረጥ በአጋጣሚ አይደለም። አንደኛው የእስራኤልን ሕዝብ ያሳተ ንጉሥ፣ ሁለተኛው ከአባቱ ቤት ወደ ምድረ በዳ የተባረረ ልጅ ነው። በ12 ዓመቱ ቤቱ የፈረሰበት ደራሲ የኋለኛውን ስም ለተራኪው መስጠቱ ብዙ ማብራሪያ አይጠይቅም። በመጽሐፉ ውስጥ የሥልጣን ጉዳይም አለ። የአክዓብ ምክትል አዛዡ ትእዛዙ ጥፋት መሆኑን ያውቃል፤ ይከራከራል፤ በመጨረሻ ግን ይታዘዛል።

መጽሐፉ ያልታሰበ አደጋም ገጥሞታል። በለንደኑ እትም ተራኪው እንዴት እንደተረፈ የሚገልጸው መደምደሚያ ሳይታተም ቀረ። በዚህም የተነሳ አንዳንድ የእንግሊዝ ተቺዎች የሞተ ሰው እንዴት ታሪክ ይነግረናል ሲሉ አፌዙበት። ደራሲው በሕይወት እስካለ ድረስ የተሸጠው 3,200 ቅጂ ገደማ ብቻ ነው። በሚቀጥለው ዓመት የወጣው «ፒየር» ይብስ ውድቀት ደረሰበት፤ ደራሲው አብዷል ብለው የጻፉ ጋዜጦችም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1853 የአሳታሚዎቹ መጋዘን ሲቃጠል ያልተሸጡት መጻሕፍቱ አብረው ጠፉ።

በዚሁ አስቸጋሪ ወቅት ሜልቪል በመጽሔት ካወጣቸው አጫጭር ሥራዎች መካከል «ባርትልቢ» የቢሮ ሠራተኛን ሕይወት በመግለጽ ረገድ ወደር የለውም ለማለት ይቻላል። ባርትልቢ በኒውዮርክ የገንዘብ መንደር በአንድ የሕግ ባለሙያ ቢሮ ሰነድ የሚገለብጥ ትሑት ጸሐፊ ነው። ሥራውን በትጋት ጀምሮ ከእለታት አንድ ቀን የገለበጠውን እንዲያመሳክር ሲታዘዝ ባላደርገው እመርጣለሁ በሚል ስሜት በጨዋ ቋንቋ እምቢ ይላል። ቀስ በቀስ ሁሉንም ሥራ ያቆማል፤ ከቢሮውም አይወጣም። አለቃው ክፉ ሰው አይደለም። ያዝንለታል፣ ይመክረዋል፣ ገንዘብ ይሰጠዋል፤ በመጨረሻ ግን ቢሮውን ራሱ ለቆ ይሸሻል። ጸሐፊው በእስር ቤት ይሞታል። ቀድሞ ይሠራ የነበረውም ባለቤታቸው ያልተገኘ ደብዳቤዎች ተለይተው በሚቃጠሉበት የፖስታ ክፍል እንደነበር በወሬ ይሰማል። አለቃውን የሚያስጨንቀው ጥያቄ ማለትም ለአንድ የበታች ሠራተኛ ኃላፊነቱ እስከ የት ድረስ ነው የሚለው በታሪኩ ውስጥ መልስ አላገኘም።

ከ«ሰው አታላዩ» በኋላ፣ ማለትም ከ1857 ወዲህ፣ ሜልቪል በሕይወቱ ሌላ ልብ ወለድ አላሳተመም። ጤናው በመታወኩ በአማቱ ገንዘብ ግብፅንና ኢየሩሳሌምን ጎብኝቶ ተመለሰ። ለሦስት ዓመታት በየከተማው እየዞረ ንግግር ቢያደርግም ገቢው አነስተኛ ነበር። ዘመዶቹ በውጭ አገር የቆንስልነት ሹመት እንዲያገኝ በተደጋጋሚ ደጅ ጠኑለት። እ.ኤ.አ. በማርች 1861 ራሱ ዋሽንግተን ድረስ ሄዶ የፕሬዚዳንት ሊንከንን እጅ ጨብጧል፤ ሹመቱን ግን አላገኘም። በዚያው ወር አማቱ ሞቱ። በ1863 እርሻውን ለወንድሙ አስተላልፎ ወደ ኒውዮርክ ተመለሰ። የጉምሩኩ ሥራ የመጣው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው።

የኒውዮርክ ጉምሩክ በዚያን ጊዜ ከአገሪቱ የቀረጥ ገቢ አብዛኛውን የሚሰበስብ ተቋም ነበር። ቅጥር በፓርቲ ወገንተኝነት ይካሄድ ነበር፤ ሠራተኛው ከደመወዙ ለፓርቲው መዋጮ ይከፍላል፤ ምርጫ ሲያልፍ ማን እንደሚቀርና ማን እንደሚባረር አይታወቅም። ነጋዴዎች ዕቃቸው ቶሎ እንዲያልፍ ወይም ሳይታይ እንዲያልፍ ለተቆጣጣሪዎች ገንዘብ ማቀበላቸው የተለመደ ሆኖ ነበር። በ1877 የተቋቋመ አጣሪ ኮሚሽንም ብልሹ አሠራሩን በሪፖርቱ አጋልጧል። ከ1871 እስከ 1878 የወደቡ ቀረጥ ሰብሳቢ ሹም የነበሩት ቼስተር አርተር ከኃላፊነታቸው የተነሱት ከዚህ በኋላ ነው። የሚገርመው ግን እኚሁ ሰው በ1881 ፕሬዚዳንት ጋርፊልድ ሹመት በተነፈገ ሰው ተተኩሶባቸው ሲሞቱ ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ የመንግሥት ቅጥር በችሎታ ፈተና እንዲሆን የሚያዝዘውን የ1883 ሕግም የፈረሙት እርሳቸው ናቸው።

ሜልቪል በዚህ ተቋም ውስጥ ለ19 ዓመታት እጁን ንጹሕ አድርጎ ሠራ። የእኅቱ ባል እ.ኤ.አ. በ1873 ሥራውን እንዳያጣ ለገንዘብ ሚኒስትሩ በጻፈው ደብዳቤ፣ ሜልቪል ነጋዴዎች በኪሱ የሚከቱበትን ገንዘብ ያለ ጭቅጭቅና ያለ ማሳጣት በጸጥታ እየመለሰ ግዴታውን እንደሚፈጽም ገልጿል። ይህን ያህል ጊዜ ሲያገለግል የደረጃ እድገት አላገኘም። አንድ ጊዜ በጋንስቮርት ጎዳና ላይ ስሙ የማን እንደሆነ ሰዎችን ጠይቆ የሚያውቅ አለማግኘቱን ለእናቱ ጽፎላቸዋል። የጎዳናው ስም የአያቱ የጄኔራሉ ነበር። የልጅ ልጁ በዚያው ጎዳና ጫፍ ላይ በቀን 4 ዶላር ሣጥን ይቆጥራል።

በቤቱ ውስጥ ግን ሰላም አልነበረም። የሜልቪል ቁጡነት በማየሉ የሚስቱ ዘመዶች እ.ኤ.አ. በ1867 ከእርሱ ለይተው ለመውሰድ መክረው እንደነበር በኋላ የተገኙ ደብዳቤዎች ያረጋግጣሉ። ኤሊዛቤት አልሄደችም። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር የ18 ዓመቱ የበኩር ልጃቸው ማልኮም በመኝታ ክፍሉ በጥይት ሞቶ ተገኘ። አባትየው ቀብሩን ፈጽሞ ወደ መትከያው ተመለሰ። ሁለተኛው ልጅ ስታንዊክስም ከሥራ ሥራ ሲንከራተት ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1886 በሳንባ ነቀርሳ ሳንፍራንሲስኮ ውስጥ አረፈ። የሜልቪልን ታማኝነት የሚያወድስ ሰው ቤተሰቡ የከፈለውንም አብሮ ሊያስታውስ ይገባል።

ምሽቱን ግን ይጽፍ ነበር። የኢየሩሳሌም ጉዞውን መነሻ ያደረገውና 18,000 ገደማ ስንኞች ያሉት «ክላሬል» እ.ኤ.አ. በ1876 በአጎቱ ገንዘብ ታተመ። የሚገዛው በመጥፋቱ የተረፉት ቅጂዎች ከጥቂት ዓመት በኋላ ወደ ወረቀት ማቅለጫ ተላኩ። ሚስቱ ከዘመዶቿ ውርስ በማግኘቷ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 31 ቀን 1885 ከጉምሩኩ ለቀቀ። በጡረታ ዘመኑ ሁለት ቀጭን የግጥም መጻሕፍት አሳተመ፤ እያንዳንዳቸው 25 ቅጂ ብቻ ነበሩ። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 28 ቀን 1891 በ72 ዓመቱ በኒውዮርክ ቤቱ ሲያርፍ፣ ሞቱን የዘገበ አንድ ትልቅ ጋዜጣ የ«ሞቢ ዲክ»ን ስም እንኳ አሳስቶ ጻፈው።

ኤሊዛቤት የባልዋን ወረቀቶች እስከ ሞተችበት ዓመት እስከ 1906 ድረስ ጠብቃ አቆየች። እ.ኤ.አ. በ1919 ሬይመንድ ዊቨር የተባለ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ መምህር የሕይወት ታሪኩን ለመጻፍ ወደ ደራሲው የልጅ ልጅ ሄዶ ወረቀቶቹን ተመለከተ። በቆርቆሮ የዳቦ ሣጥን ውስጥ ከተቀመጡት መካከል ያልተጠናቀቀ የልብ ወለድ ረቂቅ አገኘ። ጡረተኛው ተቆጣጣሪ በመጨረሻዎቹ አምስት ዓመታት ሲሠርዝና ሲደልዝ የቆየበት «ቢሊ በድ» ነበር። ታሪኩ በጦር መርከብ ላይ በሐሰት የተከሰሰ፣ በድንጋጤም አንደበቱ ተይዞ ከሳሹን በአንድ ቡጢ ስለገደለ ወጣት መርከበኛ ነው። አዛዡ የወጣቱን ንጹሕነት በልቡ ያምናል፤ ሕጉ ግን ሞት ይላል፤ ስለዚህ እንዲሰቀል ያደርጋል። ሜልቪል አዛዡ ትክክል ነው ወይም ተሳስቷል ብሎ አልፈረደም። ረቂቁ እ.ኤ.አ. በ1924 በለንደን ታትሞ ለአንባቢ ደረሰ፤ ደራሲው ከሞተ 33 ዓመት ሆኖት ነበር።